የሸጥኩትን ፕሪአምፕ መልሼ ልግዛው ወይስ ይቅርብኝ?

ጥያቄው የደረሰኝ ሰሜን ቨርጂኒያ ከሚኖር ጊታሪስት ነው። ቅዳሜና እሑድ ሠርግና ክለብ ይጫወታል። እንዲህ ይላል፦

«ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ድሮ ማርሻል ጄኤምፒ-1 የተባለ ፕሪአምፕ ነበረኝ፤ ከፓወር አምፑና ከ4 በ12 ካቢኔቱ ጋር። ልጅ ሲመጣና አፓርታማ ስንገባ ሁሉንም ሸጥኩት። አሁን የምጫወተው በዲጂታል ሞዴለር ነው። ቤት ውስጥ በሄድፎን፣ ሥራ ላይ ደግሞ በቀጥታ ወደ ሚክሰር። ድምፁ መጥፎ አይደለም፣ ግን የድሮው ነገር የለውም። ሰሞኑን አንድ ሰው ጄኤምፒ-1 በ650 ዶላር አውጥቷል። ‹ሌላ ገዢ አለኝ› እያለ ያጣድፈኛል። ልግዛው? አንድ ቀን ጠቅልዬ አዲስ አበባ ስገባም ይዤው መሄድ እፈልጋለሁ።»

ወንድሜ፣ አጭሩን መልስ ላስቀድም። አሁን ባለህበት ሁኔታ አትግዛው። ዕቃው መጥፎ ስለሆነ አይደለም። ከኋላው የምትሰካበት ስለሌለህ ነው። መጀመሪያ ፓወር አምፕና ካቢኔት ፈልግ፤ ፕሪአምፑ ከዚያ በኋላ ይደርሳል። ምክንያቱን ላስረዳህ። ከዚያ «አልሰማህም፣ እገዛዋለሁ» ካልክ ደግሞ እንዴት ፈትሸህ እንደምትገዛው እነግርሃለሁ። መቼም የጊታሪስት ልብ አንዴ ከከጀለ አይመለስም።

ዕቃውን ለማያውቅ አንባቢ ሁለት ቃል ልበል። የጊታር አምፕ በውስጡ ሁለት ክፍል አለው። ፕሪአምፑ የጊታሩን ደካማ ሲግናል ተቀብሎ ያጎለብታል፣ ቤዙን፣ ሚዱንና ትሬብሉን ይቀርፃል፣ ዲስቶርሽኑን (ያን ሻካራውን የሮክ ድምፅ) ይፈጥራል። ፓወር አምፑ ደግሞ ያንን ወስዶ ስፒከር ለማንቀሳቀስ በሚበቃ ጉልበት ያወጣዋል። ስፒከሮቹ ያሉበት ሣጥን ካቢኔት ይባላል፤ 4 በ12 ማለት ባለ12 ኢንች ስፒከር አራት የያዘ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ትልልቅ ስቱዲዮ የሚሠሩና ዓለም የሚዞሩ ጊታሪስቶች ሁለቱን ለያይተው ራክ በሚባለው መደርደሪያ ውስጥ መደርደር ጀመሩ። ፕሪአምፑ ላይ፣ ዲሌይና ሪቨርቡ መሐል፣ ፓወር አምፑ ታች። እግር ሥር ያለውን የሚዲ ፔዳል (በኬብል ለዕቃዎቹ ትእዛዝ የሚልከውን) አንዴ ስትረግጥ ሁሉም አብሮ ይቀየራል። ዲጂታል ሞዴለር ደግሞ ይኼን ሁሉ በሶፍትዌር የሚያስመስል ዕቃ ነው።

ጄኤምፒ-1 የወጣው እ.ኤ.አ. በ1992 ነው። የአንድ ራክ ዩኒት ቁመት አለው፤ ይኸውም አራት ሴንቲ ሜትር ተኩል እንኳ አይሞላም። ውስጡ ሁለት ኢሲሲ83 ቲዩቦች (ሲግናሉን የሚያጎለብቱ፣ አምፖል የሚመስሉ ብርጭቆዎች) አሉ፤ አሜሪካኖቹ 12ኤኤክስ7 የሚሏቸው ናቸው። ሁለት ዲስቶርሽን ቻናል፣ ሁለት ክሊን (ንጹሕ ድምፅ) ቻናል፣ ያስተካከልከውን ድምፅ የምታስቀምጥበት 100 ማስቀመጫ። ድምፁ የሚያልፍበት መንገድ አናሎግ ነው። ዲጂታሉ ሥራው ቁጥሮቹን ማስታወስና መቆጣጠር ብቻ ነው። የዚዚ ቶፑ ቢሊ ጊበንስ ተጠቅሞበታል፤ የአይረን ሜይደን ጊታሪስቶችም መድረክ ላይ ለዓመታት ሠርተውበታል። ስለዚህ አሻንጉሊት አይደለም። ግን ከ30 ዓመት በላይ የሆነው ንድፍ ነው፤ የምትገዛውም አሮጌ ኤሌክትሮኒክስ ነው።

አሁን ወደ «የድሮው ነገር» እንምጣ።

ጥያቄህን ደግመህ አንብበው። የሸጥከው ሦስት ዕቃ ነው። ልትመልስ ያሰብከው አንዱን ነው፤ እሱም ከሦስቱ ለናፍቆትህ ትንሹን ድርሻ የሚይዘው ነው ባይ ነኝ። ያ ደረትህን የሚመታው ነገር ከፕሪአምፑ የመጣ አልነበረም። አራት ባለ12 ኢንች ስፒከሮች አየር ሲገፉ ነው። ጊታርህ ያንን ድምፅ መልሶ ሲሰማ ክሩ ራሱ ይንቀጠቀጣል። ኖታው ሳይጠፋ ይቆያል፣ አንዳንዴም ወደ ፊድባክ ይዞርልሃል። በሄድፎን ይኼ በጭራሽ አይሆንም። ፕሪአምፑ የማርሻልም ይሁን የሌላ፣ ጊታሩና ስፒከሩ ካልተገናኙ ክሩን የሚነካው ነገር የለም።

ሌላም አለ። ጆሯችን በዝቅተኛና በከፍተኛ ድምፅ እኩል አይሰማም። ፍሌቸርና መንሰን የተባሉ የቤል ላብ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1933 እንዳሳዩት፣ ድምፁ ሲቀንስ በተለይ ቤዙ ከጆሯችን ይጠፋል። ድሮ ልምምድ ቤት ከፍተህ ስትጫወት «ሙሉ» የነበረው ድምፅ፣ ዛሬ ልጅ እንዳይነቃ ቀንሰህ ስትሰማው ቀጭን ይመስልሃል። ያው ድምፅ ነው፤ የሰማህበት ከፍታ ነው የተለየው።

ስለዚህ ይኼን ጄኤምፒ-1 ገዝተህ በሄድፎን ወይም በቀጥታ ወደ ሚክሰር ብታስገባው ምን ታገኛለህ? እውነቱን ልንገርህ፤ አሁን ካለህ የባሰ ነገር። ከኋላው «ስፒከር ኢሙሌትድ» የሚል መውጫ አለው። እሱ የዘመኑ ዘዴ ነው። የስፒከርን ጠባይ በጥቂት ፊልተር ለማስመሰል የተሞከረበት ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ጥሩ ነበር። አሁን ሞዴለርህ ውስጥ ካለው የካቢኔት ኢምፐልስ ሪስፖንስ (ከእውነተኛ ካቢኔት የተቀዳ የድምፅ አሻራ) ጋር ስታነጻጽረው ግን ንብ ቀፎ ውስጥ የገባ ይመስላል። እርግጥ ከዋናው መውጫ አውጥተህ በሞዴለርህ ካቢኔት ብቻ ልታሳልፈው ትችላለህ። ጥሩ ይሆናል። ግን ያኔ 650 ዶላር ያወጣኸው ሞዴለርህ ምናልባት በነፃ የያዘውን ክፍል ለመተካት ነው።

ይኼን ደግሞ ሳትከፍል መሞከር ትችላለህ። ኒውራል አምፕ ሞዴለር የሚባል ነፃ ሶፍትዌር አለ። ሰዎች የእውነተኛ ዕቃዎቻቸውን ድምፅ ቀድተው ያጋሩበታል። ጄኤምፒ-1ን ፈልገህ ጫን፤ የ4 በ12 ኢምፐልስ ጨምርበት፤ ጊታርህን ሰክተህ ተጫወት። ሞዴለርህ የፍራክታል ከሆነ ደግሞ ማውረድም አያስፈልግህም፤ ጄኤምፕሪ-1 በሚል ስም አብሮት አለ። ይኼን አድርገህ «አዎ፣ ይኼው ነው!» ካልክ ገንዘብህ ተረፈ። «አይ፣ አሁንም የለም» ካልክ ደግሞ የጎደለህ ፕሪአምፑ አለመሆኑን አወቅህ።

አንዳንዱ «ዲጂታል ይዘገያል፣ አናሎግ ግን ወዲያው ነው» ይልሃል። ዘመናዊ ሞዴለር የሚያዘገየው ጥቂት ሚሊ ሰከንድ ነው። ድምፅ ደግሞ አንድ ሜትር ለመጓዝ ሦስት ሚሊ ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። መድረክ ላይ ከካቢኔትህ ሁለት ሜትር ስትርቅ ስድስት ሚሊ ሰከንድ ዘግይቶ ነው የሚደርስህ፤ ማንም ሲያማርር ሰምቼ አላውቅም። ይኼን ምክንያት እርሳው።

እንግዲህ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ይሁን። መጀመሪያ ያገለገለ ካቢኔትና ትንሽ ፓወር አምፕ ግዛ። ሁለቱ ፕሪአምፑን ብትገዛም ባትገዛም ያስፈልጉሃል፤ ስለዚህ ገንዘቡ አይባክንም። ሞዴለርህ ላይ የካቢኔት ኢሙሌሽኑን አጥፋና በነሱ አጫውተው። ልምምድ ቤት ወስደህ ከፈት አድርገው። ከአሥር ጊታሪስት ስምንቱ እዚህ ላይ ፈገግ ብሎ ጥያቄውን ይረሳል ብዬ እገምታለሁ። አንተ ከቀሪዎቹ ከሆንክ፣ ያኔ ጄኤምፒ-1ን በልበ ሙሉነት ግዛው። ሻጩ «ሌላ ገዢ አለ» ማለቱ አያስጨንቅህ። ይኼ ዕቃ ለዓመታት በብዛት የተመረተ ነው። ይኼኛው ቢያመልጥህ ሌላው ይመጣል።

እዚህ ላይ ለዕቃው ፍትሐዊ ልሁን። ጄኤምፒ-1 እኔ የምወድለት አለው። ኦዲ1 የሚባለው ቻናል፣ ጌይኑ (የዲስቶርሽኑ መጠን) መሐል ላይ ሆኖ፣ የጊታሩን ቮልዩም ስትቀንስለት የሚጠራበት መንገድ ደስ ይላል። ኦዲ2 ጠንከር ያለ ነው፤ ለሊድ ይሆናል፣ ግን ከፍ ሲል ያፏጫል። ቤዝ ሺፍት የሚለው ቁልፍ የታችኛውን ድምፅ ያስተካክላል፤ ባንዱ ውስጥ ቤዝ ጊታርና ኪቦርድ ካሉ ብዙ ጊዜ ይጠቅማል። ክሊኑ ንጹሕ ነው፣ ከዚያ አይዘልም። ኮረስ ሲጨመርበት ቁርጥ የ1990ዎቹ ነው፤ ለሚወደው።

ሠርግ ላይ ስለምትጫወት አንድ ነገር ልጨምር። አንቺ ሆዬ ቅኝት ላይ ግማሽ ቶን የሚራራቁ ኖታዎች አሉ፤ ከዶ ብትነሳ ዶና ሬ ቤሞል፣ ፋና ሶል ቤሞል። በከባድ ዲስቶርሽን ሁለቱን አንድ ላይ ስታስነካ ወይም አንዱ ሳይጠፋ ሌላውን ስትጨምር እርስ በርስ ይፋጩና ይጎረብጣሉ። ክራር ላይ የሚያምረው ጌጥ እዚያ ይጨፈለቃል። ስለዚህ ለሀገርኛው ሥራ ጌይኑን ካሰብከው ግማሽ አድርገው። ይኼ ለጄኤምፒ-1ም፣ ለሞዴለርህም፣ ለማንኛውም አምፕ ይሠራል። ለዚህ ብቻ ብለህ ግን ቲዩብ አትግዛ።

እሺ፣ ሞከርክ፣ አልጠገብክም፣ ልትገዛው ወሰንክ እንበል። ፍተሻው እንዲህ ነው።

ከመሄድህ በፊት ሻጩን ሦስት ነገር ጠይቀው። ባትሪው መቼ ተቀየረ? ተከፍቶ ያውቃል? ማን ጠገነው? «ባትሪ አለው እንዴ?» ካለህ ያልተቀየረ መሆኑን እወቅ። ውስጡ 100 ማስቀመጫዎቹን የሚያስታውስ ትንሽ የሊቲየም ባትሪ አለ። ሲያልቅ ማሽኑ ይረሳል። ባትሪው ርካሽ ነው፤ ግን ቦርዱ ላይ በስታኞ የተያዘ ስለሆነ ብየዳ ይፈልጋል። ስታስቀይረው ሶኬት እንዲገጠምለት አድርግ፤ ከዚያ ወዲህ ሲቀየር ብየዳ አያስፈልገውም። ከመነቀሉ በፊት ደግሞ የምትወዳቸውን ቁጥሮች በስልክህ ፎቶ አንሳ።

ስትሄድ የራስህን ጊታርና የራስህን ኬብል ያዝ። የሻጩን ጊታር አትመን፤ ጥሩ ጊታር ብዙ ኃጢአት ይሸፍናል። ፓወር አምፕ ከሌለ አንድ ኮምቦ አምፕ (ፕሪአምፕ፣ ፓወር አምፕና ስፒከር በአንድ ሣጥን የያዘ) ይዘህ ሂድ። የጄኤምፒ-1ን ዋና መውጫ ኮምቦው ጀርባ ላይ «ኢፌክትስ ሪተርን» የሚለው ውስጥ ሰካው። ከፊት ለፊት እንዳታስገባው። ከፊት ከገባ በሁለት ፕሪአምፕ ስለሚያልፍ የምትሰማው ድምፅ የማንም አይደለም።

ማሽኑን ቀዝቅዞ ሳለ አስነሳው። ሻጩ ቀድሞ አሙቆት ከጠበቀህ አጥፋውና ቡና ጠጡ። ብዙ ችግር ሲበርድ ወይም ሲሞቅ ብቻ ይታያል። ሲነሳ ቁጥሮቹ በትክክል ይብራሉ? አንዱን ማስቀመጫ ቀይር፤ ጌይኑን የምታስታውሰው ቁጥር ላይ አድርግና ስቶር አድርገው። አጥፋው፤ ከሶኬት ንቀለውና ትንሽ አቆየው። መልሰህ ስታስነሳው ቁጥሩ ካለ ባትሪው አልሞተም።

ቀጥሎ የፊት ገጹን ቁልፎች አንድ በአንድ ተጫናቸው። የትኛውም አይዘለል። ዙሪያውን የሚዞረውን ተሽከርካሪ በጣም ቀስ አድርገህ አዙረው። ቁጥሩ አንድ በአንድ መውጣት አለበት። ከ7 ወደ 9 ከዘለለ፣ ወይም ወደ ላይ ስታዞረው ወደ ታች ከወረደ፣ ውስጡ ያለው ኢንኮደር አልቋል። የዕድሜ በሽታ ነው። ይጠገናል፣ ግን ዋጋ አስቀንስበት። ማሳያው ግማሹ ከጠፋ፣ ቁልፍ ሲነካ ሌላ ነገር ከተቀየረ ወይም ማሽኑ እየደነዘዘ ከቆመ ግን አመስግነህ ውጣ። ፓወር ሰፕላይ የትም ይጠገናል። የማሽኑ አእምሮ የሆነው ቺፕ ከተበላሸ ግን ጥገናው ከባድ ነው።

አሁን ተወውና ይሙቅ። ግማሽ ሰዓት፣ ከተቻለ ከዚያም በላይ። እስከዚያ እየተጫወትክ አራቱንም ቻናሎች ዙር። ግራና ቀኝ መውጫዎችን ለየብቻ ስማ፤ ብዙ ሰው በአንዱ ብቻ ሲጠቀም ኖሮ ሌላው መሞቱን አያውቅም። ጃኮቹን ሰክተህ በቀስታ ነቅነቅ አድርግ። ከተንኮሻኮሸ ወይ ቆሽሿል ወይ ብየዳው ተሰንጥቋል። ሁለቱም ቀላል ጥገና ናቸው። ጌይኑን ከፍ አድርገህ ጊታሩን ዝጋና የማሽኑን ክዳን በእርሳስ ጫፍ መታ መታ አድርገው። በስፒከሩ «ቲንግ» የሚል ድምፅ ከመለሰልህ ቲዩቡ ማይክሮፎን ሆኗል ማለት ነው። ይኼ አያስደንግጥህ፤ የፕሪአምፕ ቲዩብ አዲሱም በቀላሉ ይገኛል፣ ሁለት ብቻ ነው የሚያስፈልገው።

ሳትጫወት ከስፒከሩ የሚወጣውን «እምም» የሚል ድምፅ፣ እምምታውን፣ ግን ተጠንቅቀህ ስማው። እዚህ ላይ ጊታሪስት መሆንህ ይጠቅምሃል። አሜሪካ ውስጥ መብራቱ 60 ኸርዝ ነው። ፓወር ሰፕላዩ ውስጥ ተለዋዋጩ ከረንት ወደ ቀጥታ ሲቀየር እጥፉ፣ 120 ኸርዝ ሞገድ ይተርፋል። እሱን የሚውጡት ትልልቆቹ ኤሌክትሮሊቲክ ካፓሲተሮች ናቸው። ካረጁ መዋጥ ያቅታቸዋል። 120 ኸርዝ ጊታርህ ላይ የት ነው? አምስተኛው ክር ላይ፣ በአንደኛውና በሁለተኛው ፍሬት መካከል፣ ልክ እኩሌታው ላይ። ሁለቱን ኖታዎች እየነካህ ከእምምታው ጋር አስተያየው። መሐላቸው ከወደቀ ካፓሲተሮቹን ጠርጥር። ከዚያ አንድ ኦክታቭ ዝቅ ያለ፣ ጊታርህ ላይ የሌለ ወፍራም ድምፅ ከሆነ ግን ብዙ ጊዜ የግራውንድ ጣጣ ነው። ፕሪአምፑንና ኮምቦውን አንድ ማከፋፈያ ላይ ሰካቸውና እንደገና ስማ። ከቀነሰ ማሽኑ ጤነኛ ነው። ማንም «የግራውንዷን እግር ቁረጣት» ቢልህ እንዳትሰማው፤ እሷ የቆመችው ለነፍስህ ነው። አዲስ አበባ ስትሄድ መብራቱ 50 ኸርዝ ስለሆነ ያ የካፓሲተር እምምታ 100 ኸርዝ ይሆናል። ስድስተኛው ክር ሦስተኛው ፍሬት ላይ ካለው ሶል ትንሽ ከፍ ብሎ ታገኘዋለህ።

ክዳኑን ሻጩ ቤት አትክፈት። ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም ካፓሲተር ውስጥ የሚቀር ቮልቴጅ አለ፤ ቲዩብ ያለበት ዕቃ ላይ ደግሞ ቀልድ አይደለም። ገዝተህ ከሄድክ በኋላ ቴክኒሻን ይክፈተው። እሱ ያበጠ ካፓሲተር፣ በሙቀት የጠቆረ ቦርድ፣ ሬጉሌተሮቹ ዙሪያ የተሰነጠቀ ብየዳ ይፈልግልሃል። ትራንስፎርመርም ቲዩብም በዚያች ቀጭን ሣጥን ውስጥ ተጨናንቀው ስለሚሠሩ ሙቀቱ ዋና ጠላቷ ነው። ራክ ስትሠራ ከላይዋ አንድ ባዶ ቦታ ተውላት። ከፓወር አምፕ ጋር ክዳን ለክዳን አትደራርባት።

ሚዲ ፔዳል ይዘህ መሄድ ከቻልክ ያዝ። ባለአምስት ፒኑን ኬብል ሰክተህ ፕሮግራም ቁጥር ስትልክ ማስቀመጫው መቀየር አለበት። አንዳንዱ ፔዳል ከ0 ይቆጥራል፣ አንዳንዱ ከ1። ስለዚህ 5ን ረግጠህ 6 ቢመጣ ብልሽት አይደለም። ካልተቀየረ ደግሞ መጀመሪያ የሁለቱ ሚዲ ቻናል አንድ መሆኑን እይ።

ስለ ዋጋው ብዙ አልልህም። የተጠየቀውን ዋጋ ሳይሆን የተሸጠበትን ዋጋ ፈልግ፤ የሽያጭ ድረ ገጾች ሁለቱን ለይተው ያሳያሉ። ሰው የፈለገውን ይጠይቃል። ከዚያ ላይ የባትሪ፣ የቲዩብና የአንድ ሙሉ ሰርቪስ ወጪ ቀንስ። አሜሪካ ውስጥ መለዋወጫው ርካሽ ነው፣ የባለሙያው ሰዓት ነው ውዱ። ሰርቪስ የተደረገለት፣ ደረሰኝ ያለው ዕቃ ካገኘህ ትንሽ ጨምረህም ቢሆን እሱን ግዛ። ደግሞ ሒሳቡን ስትሠራ ፔዳሉን፣ ራክ ኬዙን፣ ፓወር አምፑን፣ ካቢኔቱን፣ ኬብሉን ሁሉ ደምር። ፕሪአምፑ ከጠቅላላው ግማሹን ላይሞላ ይችላል። ሚስትህ ድምሩን ስታይ አጠገብህ አልኑር።

አዲስ አበባ ይዘህ መሄዱ ይቻላል። ከጀርባው የተጻፈውን ቮልቴጅ አንብብ። አሜሪካ የተሸጠው 120 ቮልት የሚል ከሆነ በቀጥታ 220 ላይ ብትሰካው በዚያው ቅጽበት ደህና ሰንብት ነው። ከ220 ወደ 110 የሚያወርድ ትራንስፎርመር ግዛ፤ ፕሪአምፑ የሚስበው ትንሽ ስለሆነ 100 ዋት የሚለው ይበቃዋል። ፓወር አምፑ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ለእሱ ከበድ ያለ ትራንስፎርመር ይጠይቅሃል። ከባድ፣ የብረት ኮር ያለው ይሁን። ለፀጉር ማድረቂያ ተብሎ የሚሸጠውን ቀላል መቀየሪያ እንዳትገዛ፤ እሱ ሞገዱን ቆራርጦ ነው የሚሰጠው፣ ለእንዲህ ያለ ዕቃ አይሆንም። ጽሑፉ 50/60 ኸርዝ ካለ ድግግሞሹ አያሳስብህ። 60 ብቻ ካለ ግን በ50 ላይ ትራንስፎርመሩ ከልማዱ የበለጠ ይሞቃል፤ ለረጅም ሰዓት ከፍተህ አትተወው። መብራቱ ከፍ ዝቅ በሚልበት ሰፈር ከሆንክ ደግሞ ስታብላይዘር አስቀድም። ጥገናን በተመለከተ አትስጋ። እዚህ አዲስ አበባ ቴሌቪዥንና አምፕሊፋየር ሲጠግን የኖረ ባለሙያ ፓወር ሰፕላዩን ዓይኑን ጨፍኖ ይሠራዋል። ቲዩቡን ግን ከዚያው ሁለት ትርፍ ይዘህ ና።

ለጊዜው የቀረህ ሥራ ካቢኔቱና ፓወር አምፑ ናቸው። አፓርታማ ስለሆንክና ደረጃ ስለምትወጣ እኔ ብሆን ሶሊድ ስቴት (ቲዩብ የሌለው) ፓወር አምፕ ነው የምገዛው። ለምሳሌ የሲሞር ደንከኑ ፓወርስቴጅ 170 በእጅ የሚያዝ ነው፣ ሞዴለርንም ጄኤምፒ-1ንም ያስተናግዳል። ግን 170 ዋቱን የሚሰጠው በ4 ኦም ነው (ኦም ካቢኔቱ ለአምፑ የሚያሳየው የመቋቋም መለኪያ ነው)። 16 ኦም ካቢኔት ላይ ከዚያ በጣም ያነሰ ታገኛለህ። የማርሻል 1960ኤ ካቢኔት ካገኘህ ከጀርባው 4 ኦምና 16 ኦም መምረጫ አለው፤ 4 ላይ አድርገው። ቲዩብ ፓወር አምፕ ከመረጥክ ደግሞ የአምፑና የካቢኔቱ ኦም መግጠም አለበት፤ ስፒከር ሳይሰካለት በፍጹም አታስነሳው፣ የውጤት ትራንስፎርመሩን ያቃጥልብሃል። የምታገኘውን ካቢኔት ጀርባ ፎቶ አንስተህ ላክልኝ፤ የትኛውን ቀዳዳ በየትኛው ኬብል እንደምትሰካ እጽፍልሃለሁ።